የማመሳከሪያው እጅ

ታሪክ ሊዘክረው በሚገባ በአንድ የተከበረ ማክሰኞ፣ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ አመራር በሠራተኞች ክበብ ዳቦ ቤት ውስጥ አስነዋሪ ኋላቀርነት እንዳለ ደረሰበት። ዳቦ ጋጋሪው የምድጃውን ሙቀት የሚለካው በእጁ ነበር! ቀኝ ክንዱን እስከ ክርኑ ወደ ምድጃው አፍ ይሰድና ይቆጥራል፤ እስከ ሰባት ድረስ ከቻለ ሊጡን ያስገባል፣ አራት ላይ ከለበለበው ይጠብቃል። በዚህ አሳፋሪ ዘዴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ዳቦ አለማሳረሩ ጥፋቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስበው «ዘመኑ የቁጥር ነው! ከእንግዲህ ምድጃችን ከኮምፒውተር ጋር ይነጋገራል!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጋጋሪውም አጨበጨበ። ቀጥሎ ግን አዲሱ የሙቀት መለኪያ መሣሪያ በተመረቀ ዕለት እሱ በምስጋና እንደሚሰናበት ተነገረ። ጡረታው ሊደርስ ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር።

የኮምፒውተር ባለሙያው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለፋ። ስምንት ወር ሽቦ ሲበይድ ከረመ፤ ሦስት የሙቀት መለኪያ ሴንሰር አቃጠለ፤ ቅንድቡንም ለሳይንስ ሰዋ። በመጨረሻ ምድጃው ውስጥ የገባው ባለሴንሰር የብረት ዘንግ በረጅም ሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኘ። ሪባን ተቆረጠ። ስክሪኑ ላይ 7318 የሚል ቁጥር ቦግ አለ።

«ድንቅ ነው! ስንት ዲግሪ ማለት ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ዲግሪ ገና አልሆነም፣ ክቡርነትዎ። ከታወቀ ሙቀት ጋር መመሳከር አለበት።»

«በፈላ ውሃ አመሳክረዋ!»

«ውሃ መቶ ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ያለውን ውሃ አያውቀውም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ጋጋሪው ዞረ። እሱ የስንብት ምስክር ወረቀቱን ታቅፎ በሩ ጋ ቆሟል።

«ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን አንዴ ያስገቡልን» አለ ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ተሰናብቼ የለም እንዴ?»

«የተሰናበቱት እርስዎ ነዎት። ስለ እጅዎ የተባለ ነገር የለም።»

ጋጋሪው እጁን ሰደደ፤ ሰባት ቆጠረ። ባለሙያው ከ7318 አጠገብ «ለሊጥ ደርሷል» ብሎ ጻፈ። ይሁን እንጂ ሴንሰሩ ከእሳቱ ብዛት በየቀኑ ስለሚዛነፍ፣ በየማለዳው ማመሳከር ግድ ሆነ። ኮሚቴውም በጥልቀት ተወያይቶ «የማመሳከሪያ እጅ፣ ቀኝ፣ አንድ» በቋሚ ንብረትነት እንዲመዘገብ፣ ሰውየውም የእጁ ተንከባካቢ ሆኖ እስከ ጡረታው እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ የንብረት ቁጥሩን በማይለቅ ቀለም እጁ ላይ ጻፈች። ጋጋሪው ደስ ብሎት ቀለሙን እፍ እፍ እያለ አደረቀ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ሲያመራ ዘበኛው በሩ ላይ አስቆመው።

«እርስዎ ማለፍ ይችላሉ፣ ጋሼ። ይሄኛው ግን የንብረት መውጫ ወረቀት የለውም» አለ ቁጥሩን እያየ።

«ቆርጬ ልተውልህ?»

«እሱን ኮሚቴው ነው የሚወስነው።»

ወዲያው የሥራ አስኪያጁ መኪና መጣና ዘበኛው በሩን ሊከፍት ሮጠ። ጋጋሪው እጁን ኪሱ ከትቶ ውልቅ አለ።

በማግስቱ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «አንድ ቀኝ እጅ ጠፍቷል፤ ያገኘ ለንብረት ክፍል ያስረክብ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ጋጋሪው አንብቦ ሲጨርስ እጁን ይዞ ንብረት ክፍል ቀረበ። የመሥሪያ ቤቱን ንብረት አግኝቶ በታማኝነት በማስረከቡም ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ዳቦ ቤት ድረስ መጥተው ሁለተኛ ምስክር ወረቀት ሰጡት። የተቀበለው በግራው ነው፤ ቀኙ ምድጃ ውስጥ ነበር።