ሲስተር አረፈች

ሐበሻ በረገጠበት ከተማ ሁሉ አንዲት ሲስተር አለች። አዲስ አገር ገብተን ገና ሲም ካርድ ሳናወጣ እሷ ትደርስብናለች። ምላስህን አውጣ ትላለች፣ የዓይንህን ቆብ ገልብጣ ታያለች፣ "ለመሆኑ ውሃ ትጠጣለህ?" ብላ ሰው ፊት ታፋጥጥሃለች። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሲስተር ናት፣ አለቀ።

የእኛዋ፣ የሐበሻ ሱቅ የሞላበት የጀፕ መንገድ ባለሟል፣ ክብርት ሲስተር የዓለምወርቅ ናት። ሆሳዕና ነርስ ነበረች። እዚህ ጆበርግ ግማሹን ቀን መጦሪያ ቤት የፈረንጅ ሽማግሌ ታገላብጣለች፣ ግማሹን ከባሏ ከአቢሶ ጋር ብርድ ልብስና መጋረጃ ትሸጣለች። የደም ግፊት መለኪያዋ ከትራስ ልብሶቹ ጎን ነው የሚቀመጠው። ብርድ ልብስ ሊገዛ የገባ ሰው ሳትለካው አትለቀውም። አንድ ጊዜ ቢላ ይዞ ሊዘርፋት የገባ ጎረምሳ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ አየችና "አንተ ልጅ፣ ጉበትህን ታይተሃል?" አለችው። ልጁ ደንግጦ ወጣ። አሁን በሱቋ ደጃፍ ሲያልፍ ቆቡን አንስቶ ሰላም ይላታል።

ቃሏ አንድ ነው፦ "እረፍ!" ጨው ስታበዛ "እረፍ!"፣ ከሚስትህ ጋር ስትነታረክ "እረፍ!"፣ የታክሲው ሹፌር ቀይ መብራት ሊጥስ ሲል ከኋላ ወንበር ሆና "እረፍ!" ሹፌሩ ዙሉ ነው፣ አማርኛ የሚባል አያውቅም። ግን አረፈ።

እኔማ ፍዳዬን ነው የማየው። አጵሎስ እባላለሁ፣ ሱቄ ከእነሱ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ ደም ብዛት አለብኝ። ምሳዬን እንደ ጉምሩክ ትፈትሻለች። አንድ ቀን ቺፕሴን ከእጄ ነጥቃ ለደንበኛ መረቀችለት።

"ሲስተር፣ እኔ ባልሽ ነኝ እንዴ?" አልኳት ተናድጄ።

"ባሌማ ይሰማል!" አለችኝ።

እውነቷን ነው። አቢሶ ሰምቶ የሚያድር ሰው ነው። በሐዲይኛ አስቦ በአማርኛ ስለሚናገር ቃል ይቆጥባል፣ የተናገረውም አንዳንዴ መንገድ ይስታል። ልጃቸው ፍሬገነት ግን እናቷን ወጥታለች፣ አፍ አላት። "ማሚ ፕሊስ፣ እኔ ፔሸንትሽ አይደለሁም!" ስትል፣ "ልጄም ፔሸንቴም ነሽ፣ ምላስሽን አውጪ" ትባላለች።

ታዲያ አገሩን ሁሉ እረፍ የምትል ሴት እሷ አታርፍም። ባለፈው ወር ሱቋ ውስጥ ዞሮባት ብርድ ልብስ ክምር ላይ ዘፍ አለች። ሐኪሙ "ካላረፍሽ ልብሽ አይችልም" ብሎ ቁርጡን ነገራት። እሷ "እሺ" ብላ ከሰዓት ሥራ ገባች። አቢሶ ለመናት፣ እንቢ አለች። ፓስተሩ ጸለየላት፣ አሜን ብላ የፓስተሩን ግፊት ለካች። ሁላችንም ፈርተን ነበር፣ አፋችን ግን ደፍሮ አላወጣውም።

ሐሙስ ጠዋት ከከሊል ጋር ሱቄ በር ላይ ቆመን ሳለ የእሱ ስልክ ጮኸ። ከሊል የጅምላ ነጋዴ ነው፣ ሲስተር ስኳሩን ስለምትቆጣጠርበት እንደ እኔው ምርኮኛ ነው። ደዋዩ አቢሶ ነበር። ከሊል ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ከሊል፣ ዛሬ ሱቅ አልከፍትም። ሲስተር አረፈች።"

ከሊል እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "መቼ?"

"አሁን ጠዋት። በሰላም ነው። ብዙ ለፍታ ነበር፣ ተገላገለች። ፊቷን ብታየው የልጅ ፊት ሆኗል።"

"ፍሬገነትስ?"

"ትምህርት ቤት ናት። አልነገርኳትም። ከሰማች ትጮሃለች።"

ስልኩ ተቋረጠ። እነሱ የሚኖሩበት ቤሪያ ሰፈር ከትናንት ማታ ጀምሮ መብራት የለም፣ ባትሪው አልቆ ነው።

ከሊል "ኢና ሊላሂ" ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የጀፕ ሱቆች የብረት ሸተር አንድ በአንድ ይወርድ ጀመር። ደጃችን ላይ በቆሎ የምትጠብሰው ማማ ቡሲ ምን እንደሆነ ጠየቀችን። "ሲስተር" አልናት። "ሃው! ሲስተር?" ብላ ከሰሏን በውሃ አጠፋችና አብራን ታክሲ ውስጥ ገባች። እሷም ሲስተር ግፊቷን ስትለካላት የኖረች ናት።

ሊፍቱ ስለማይሠራ ደረጃውን በእግራችን ወጣን። ማማ ቡሲ የዙሉ መዝሙር አነሳች፣ የማናውቃቸው የፎቁ ሰዎች ከየበራቸው ወጥተው ተቀበሏት። ስንደርስ አቢሶ በሩን ገርበብ አድርጎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"እሽሽ! ቀስ በሉ!"

ሐዘን የሰበረው መሰለን። ከሊል አቅፎት "ጽናቱን ይስጥህ ወንድሜ" አለው።

"አሜን" አለ አቢሶ። "ቀላል አልነበረም። ጫማዋን ደብቄ ነው።"

ምን ማለቱ እንደሆነ የጠየቀው የለም፣ ሐዘንተኛ ብዙ ይላል። እኔ ግን አላስቻለኝም። "ሲስተርዬ! ከእንግዲህ ጨው የሚከለክለኝ ማን ነው? ማን ይቆጣኛል?" ብዬ ኡኡታዬን ለቀቅሁት።

ከመኝታ ቤት ድምፅ መጣ።

"አጵሎስ! እረፍ!"

መዝሙሩ መሃሉ ላይ ተቆረጠ። ማማ ቡሲ "ጂሱስ!" ብላ እኔ ላይ ወደቀች። ክብርት ሲስተር ሻሿ ወደ አንድ ጎን ዞሮ፣ በሌሊት ልብሷ ብቅ አለች።

"ማነው የሞተው?"

እርስ በርስ ተያየን። በመጨረሻ ከሊል ደፈረ። "ሲስተር… አንቺ ነሽ እኮ።"

ወደ ባሏ ዞረች። "አንተ! ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?"

"አረፈች አልኩ" አለ አቢሶ። "ታዲያ አላረፍሽም?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ለቅሶ ሆነ፣ ለቅሶው መልሶ ሳቅ ሆነ። እሷ ግን መለኪያዋን አመጣች። "ይሄ ሁሉ ደም ብዛት ደረጃ ወጥቶ ይጮሃል? ተሰለፉ!" ለቀስተኛው እጅጌውን ሰብስቦ ተሰለፈ።

የእኔ ሲለካ ፊቷ ጠቆረ። ኪሴን ዳበሰች፣ ግማሽ ፓኬት ቺፕስ ወጣ።

"ጨው በልተሃል!"

"እንባ ነው የበላሁት!" አልኳት። "ሞተች ሲሉኝ ግፊቴ የት ይሁን? እኔ እዚህ አገር እናት የለኝም፣ እህት የለኝም። አንቺ ካልተቆጣሽኝ ማን አለኝ?"

ሲስተር ክንዴ ላይ ያሰረችውን ቀስ ብላ ፈታች። ከዚያ "ጫማዬ የት ነው? የከሰዓት ፈረቃ አለብኝ" አለች።

አቢሶ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። ሚስቱን በስንት መከራ አስተኝቶ፣ እኛ ነን መጥተን የቀሰቀስንበት።

"የትም አትሄጂም" አልኳት። "እኛ ለቅሶ ነው የመጣነው። ለቅሶ ቤት ደግሞ ባለቤቱ እቃ አያነሳም፣ ወጥ አይሠራም፣ ከቤት አይወጣም። ሦስት ቀን ሳንቀመጥ ብንሄድ ሰው ምን ይለናል?"

"ሳልሞት?"

"ስትሞቺማ ምን ያደርግልሻል?" አለ ከሊል።

ማማ ቡሲ የምንለው ባይገባትም በሩ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማማ ቡሲ የተቀመጠችበት በር ደግሞ አይከፈትም።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ከሊል ሱቃቸውን ከፈተ፣ እኔ ያለ ጨው ወጥ ሠራሁ፣ ፍሬገነት ከትምህርት ቤት መጥታ "ዩ ጋይዝ አር ክሬዚ" እያለች አለቀሰች። ከደርባን ለማስተዛዘን የሚደውለውን ሰው ስልክ ሲስተር ራሷ እያነሳች "አዎ፣ አርፌያለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ትላለች። መሃል መሃል እንቅልፍ ይወስዳታል። ያኔ ሁላችንም በእግር ጣታችን እንሄዳለን።

ቅዳሜ ማታ ፍሬገነት እናቷን ለካች። ወርዷል። አቢሶ ጫማዋን አምጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠ፣ እሷም አየችውና ሳታደርገው ቀረች።

ስሰናበታት የቀማችኝን ቺፕስ አወጣች። "አንድ ብቻ" አለችኝ።

አንድ በልቼ ፓኬቱን መለስኩላት። "ባልሽ ብቻ አይደለም የሚሰማው።"

"እረፍ!" አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

እኔም አረፍኩ። በሕይወት ነው ታዲያ፣ ጀፕ እንዳትደውሉ።