ሻምፒዮኑና ንጉሡ "ሠ"

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ፊደል ስቶ አያውቅም። እስቲ አስቡት… ስሕተት እኮ የተማረ ሰው ንብረት ነው! ያልተማረው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ያሳርፍና ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ "ይህ አውራ ጣት ተሳስቷል" ብሎ የመለሰው ጸሐፊ እስከ ዛሬ አልተሰማም። ጣጣው ያለው ብዕር የጨበጥነው ላይ ነው። ዕድሜ ልካችንን እንሳሳታለን፤ ስሕተታችንን በእጅ ጽሑፍ እናሳምረዋለን፤ ከዚያ ሌላው እንዲያነበው ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። የኔው ደግሞ ከግድግዳ አልፎ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ።

ከሥሩ ልንገራችሁ። እዚህ አቃቂ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በመጋዘን ጸሐፊነት ጡረታ የወጣሁ ሽማግሌ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጣቃ ጨርቅ ስቆጥር ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ የምቆጥረው አጣሁ። መንገድ ዳር ቆሜ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ታርጋ መደመር ጀመርኩ። ባለቤቴ አስካለ አንድ ሰሞን በትዕግሥት አየችኝና፣ "አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን አንዱ ተሳቢ አንተኑ ደምሮህ ይሄዳል" አለችኝ።

እሑድ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት የቃልና የቁጥር ውድድር በቴሌቪዥን መተላለፍ የጀመረው ያኔ ነው። ጨዋታው ቀላል ነው። ለቁጥሩ ስድስት ቁጥር ይሰጧችኋል፤ ደምራችሁ፣ አባዝታችሁ የተባለው ላይ መድረስ ነው። ለቃሉ ደግሞ ዘጠኝ ፊደል ሰሌዳ ላይ ይደረደራል። ሁሉም በግዕዝ ቤት ነው የሚቀመጠው፤ እናንተ ካዕብ ብትሉት፣ ሣልስ ብትሉት መብታችሁ ነው። ረጅም ቃል የመሠረተ ያሸንፋል። እኔም ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ተጠራሁ፤ አትሣቁ… አሸነፍኩ! አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ነው ትሉኛላችሁ፤ ሦስት ሳምንት በተከታታይ። ቁጥሩን በጣቃና በደርዘን እያሰብኩ አደቀቅኩት። ቃሉንም ቢሆን አልተቸገርኩም። ሁለተኛውን ሳምንት ያሸነፍኩት "መንቀራፈፍ" በሚል ቃል ነው። አስካለ በቀን ሦስት ጊዜ ስለምታነሣብኝ ከአእምሮዬ ርቆ አያውቅም።

ዝና ይሉት ነገር መጣላችሁ። ባለሱቁ ሸምሱ ደጃፉ ላይ እሱ የሚቀመጥበትን በርጩማ ለኔ ለቀቀ። የታክሲ ጋቢና ተለቀቀልኝ። አንድ ቀን እንዲያውም ታክሲ ውስጥ፣ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ዘመዳቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ እናት፣ ስንቃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ዐይን ዐይኔን ሲያዩኝ ቆዩና፣ "እርስዎን አውቅዎታለሁ" አሉኝ። አንገቴን ቀና አደረግኩ። "ስንት ዓመት ነበር የተፈረደብዎት?"

ይህን እንደ ማስጠንቀቂያ መውሰድ ነበረብኝ። አልወሰድኩም። አራተኛውን ሳምንት ያሸነፈ ሰው ሽልማቱ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ነው፤ ሃያ አንድ ኢንች! በዕድር ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ ጊዜ፣ ይህ የኔ አፍ ከኔ ሳይማከር ተከፈተና፣ "ቴሌቪዥኑ ለዕድራችን አዳራሽ ይሁን" አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የዕድራችን ዳኛ ወርዶፋ እኩያዬ ነው፤ በሰቃ ሰፈር አጠገብ የብረት ሥራ ቤት አለው። ሌላ ሰው ቢሆን "እስኪ መጀመሪያ ይምጣ" ይል ነበር። ወርዶፋ ግን ስብሰባው ሳይበተን እጁን ዘርግቶ ሃያ አንድ ኢንች ለካ። በሳምንቱ ባለ ፍርግርግ የብረት ሣጥን፣ መቀርቀሪያና ቁልፍ የተበጀለት፣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በይዶ ሰቀለው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንግዲህ ይኼ ነው፤ የኛ ላም በረቷ ቀድማት ተሠራ።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ውድድሩ የሚቀረጸው ከመተላለፉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ለአራተኛው ቀረጻ ሄድኩ። ተጋጣሚዬ አንዲት ለጋ መምህርት ናት። ገና ሳንጀምር "አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎት?" አለችኝ። አባባ መባሉ ግማሽ ጉልበቴን ወሰደው። ቢሆንም በቁጥሩ እኩል ወጣን፤ የቀረው አንድ የቃል ዙር ብቻ ሆነ። ፊደሎቹ ተደረደሩ። መ፣ ሠ፣ ረ፣ ተ፣ ኘ፣ ቸ፣ ገ፣ ለ፣ በ።

እንዳየኋቸው ቃሉ ታየኝ። ስንትና ስንት ዓመት በየማለዳው ከሥሩ የገባሁበት ቃል ነው! ፋብሪካችን በር ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ አለ፤ "የሰራተኞች መግቢያ" ይላል። ማን የጻፈው ይመስላችኋል? እኔው ነኝ። የእጅ ጽሑፍህ ያምራል ተብዬ፣ ቀለምና ብሩሽ ተሰጥቶኝ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ። እናም ያለ ምንም ጭንቀት "ሰራተኞች" ብዬ ጻፍኩና ብዕሬን አስቀመጥኩ። ባለ አምስት ፊደል ቃል! መምህርቷ ባለ አራት ፊደል ብቻ ነው ያገኘችው፤ "መሠረት" ብላለች። መድረኩ ላይ ወደተቀመጠው የሽልማት ቴሌቪዥን ካርቶን ዐይኔን ጣል አደረግኩ፤ ከታክሲ ጣሪያ ላይ እንዴት እንደማስረው ሁሉ አሰብኩ።

አቅራቢው ወረቀቴን አየ፤ ሰሌዳውን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አቶ በላቸው፣ እሳቱ ሰ ሰሌዳው ላይ የለም።"

"ያውና" አልኩት በጣቴ እያሳየሁ።

"እሱ ንጉሡ ሠ ነው። ሠራተኛ የሚጻፈውም በእሱ ነበር፤ እርስዎ የጻፉት ግን በሌለው በእሳቱ ነው።"

"ድምፃቸው አንድ አይደለም እንዴ? ምን ልዩነት አላቸው?"

ልጁ ጨዋ ነው፤ ጥቂት አሰበና፣ "ዛሬ እንኳ የአንድ ቴሌቪዥን ልዩነት አላቸው" አለኝ።

ቴሌቪዥኑ ለመምህርቷ ሆነ። ለኔ ለተሸናፊው በአበባ ወረቀት የተጠቀለለ ወፍራም መዝገበ ቃላት ሰጡኝ። ምፀቱ ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ ብያለሁ።

በመንገድ ላይ ያቃጠለኝ ግን መሸነፌ አይደለም፤ የአስካለ ነገር ነው። ሰሌዳውን በጻፍኩ ሰሞን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበር፤ አስካለም ገና ፊደል መለየቷ። ምሳዬን ቋጥራ ፋብሪካው በር ድረስ መጣችና ቀና ብላ አንድ በአንድ አነበበችው። ከዚያ፣ "ሠራተኛ በንጉሡ ሠ ነው ብለው ነው ያስተማሩን" አለችኝ። የትናንት ተማሪ ለኔ! ያን ጊዜ ደግሞ ንጉሡ ከወረዱ ቆይተዋል። እኔም ጎበዝ ነኝና፣ "ንጉሡማ ወርዷል አስካለ፤ አሁን ዘመኑ የእሳቱ ነው" አልኳት። ጓደኞቼ በሣቅ ፈረሱ። አስካለ ሳህኑን ሰጥታኝ ሄደች። ቀልዴን በየሠርጉና በየለቅሶው ስደግመው ኖርኩ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል!

ሰፈር ስደርስ ወርዶፋና ሸምሱ ሱቁ በር ላይ ይጠብቁኛል። "እህስ?" አለኝ ወርዶፋ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። አፌን ታውቁት የለ… "እስኪተላለፍ ምሥጢር ነው፤ ፈርመናል" አለ። ሁለቱ ተጠቃቀሱ። የተሸነፈ ሰው ምን ምሥጢር አለው ብለው ነው መሰለኝ፣ ሳይመሽ አሸናፊነቴ በሰፈሩ ተዳረሰ። በማግስቱ ወርዶፋ የብረት ሣጥኑን አረንጓዴ ቀለም ቀባው።

ሁለቱን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቁኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብዬ፣ በሸምሱ በርጩማ ላይ ከጧት እስከ ማታ ተቀመጥኩበት። ምርቃቱንም ጭብጨባውንም አንድ ሳላስቀር ተቀበልኩ። መዝገበ ቃላቱን ከነመጠቅለያው አልጋ ሥር ደበቅኩት። አስካለ ብቻ ዝም አለች። አስካለ ዝም ስትል ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ታማለች፣ ወይ አውቃለች። አልታመመችም።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ቴሌቪዥን ስለሌለው፣ "አዲሱ እስኪመጣ" ብለው የኔኑ ባለ አሥራ አራት ኢንች ጥቁርና ነጭ ከቤቴ ተሸክመው የወርዶፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። የበሬ በረት ውስጥ የገባ ጫጩት መሰለ። ሰው ወንበሩን ሞልቶ ቆሟል። እኔ ተስፋዬ መብራት ላይ ነበር። ሌላ ጊዜ እሑድ ሲሆን የሚጠፋው መብራት፣ የተሳልኩበት ዕለት ፍንክች አልል አለ። መብራት እንዲጠፋ የተሳለ ሰው ከኔ በፊት የሰማችሁ እንደሆነ ንገሩኝ።

የቀረኝ አንቴናው ነው። "ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ውጭ ሆኜ ላስተካክል" ብዬ ወጣሁ። የሽማግሌ ትሕትና ነው ብለው አመሰገኑኝ። የአንቴናውን ብረት አቀፍኩና ወደ ከተማው የነበረውን ቀስ ብዬ ወደ ደብረ ዘይት አዞርኩት፤ ጨርሶ እንዲጠፋ። ከውስጥ የወርዶፋ ድምፅ መጣ።

"በላቸው፣ እዛው ላይ ያዘው! እንዲህ ጠርቶ አያውቅም! እንዳትነካው!"

ያዝኩት። ምን ላድርግ? የገዛ ውርደቴን ጥራቱን ጠብቄ በሁለት እጄ አቅፌ ቆምኩ። ከግድግዳው ወዲያ የራሴ ድምፅ "ያውና" ሲል ሰማሁት። ቀጥሎ አቅራቢው ልጅ "የአንድ ቴሌቪዥን ልዩነት አላቸው" አለ።  ሸምሱም ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "አሁን ይኼ… ጋሼ አሸንፈው ነው?" አለ። ሣቁ እስከ ባቡር ሐዲዱ ተሰምቷል ብዬ እገምታለሁ።

አስካለ ወጣች። ከነጠላዋ ሥር መዝገበ ቃላቱን ይዛለች፤ የአበባው ወረቀት የለም። በአሥር ቀን ውስጥ እስከ ሠ ድረስ አንብባው ኖሯል! ገጹን ገልጣ ከአፍንጫዬ ሥር አደረገችው። ሠራተኛ፤ በንጉሡ።

"ያን ጊዜ በሰው ፊት ንጉሡን አወረድከው" አለችኝ። "እሱ ደግሞ ተራውን ጠብቆ በሰው ፊት አወረደህ። አሁን ግባና ንገራቸው፤ አንቴናውን እኔ እይዝልሃለሁ።"

ገባሁ። የዋሸሁትን ሁሉ ተናዘዝኩ፤ የፋብሪካውን ሰሌዳ ሳይቀር። ቴሌቪዥን የለንም፤ ይቅር በሉኝ አልኩ። ወርዶፋ ሣጥኑን አየ፤ እኔን አየ። ብረት ሠራተኛ ሰው ነው፤ የበየደውን አያፈርስም።

"ቴሌቪዥን እሰጣለሁ ነው ያልከው" አለ። "ቀለም ይኑረው አይኑረው በቃለ ጉባኤው ላይ አልተጻፈም።" በሩን ገጠመ፤ ቆለፈ፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ዛሬ ቤታችን ቴሌቪዥኑ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ፣ ዳንቴሉን እንደለበሰ መዝገበ ቃላቱ ተቀምጧል። አስካለ ከራት በፊት ሁለት ገጽ ታነብልኛለች፤ እኔ እጄን አጣጥፌ እሰማለሁ። ይህን ጽሑፍም ያረመችው እሷ ናት፤ ስሕተት ያገኛችሁበት ቦታ ካለ ወደ ሸምሱ ሱቅ ስትሄድ የጨመርኩት ነው።

እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ግን አዳራሽ እሄዳለሁ። በርጩማዬን ስቤ፣ የገዛ ቴሌቪዥኔን በፍርግርጉ መካከል አየዋለሁ። ሲመስለኝ እሱም ያየኛል። እኚያ የታክሲዋ እናት ትዝ ይሉኛል፤ ሰው አልተሳሳቱም፣ ቀድመው ጠየቁ እንጂ። ቴሌቪዥኔ ስንት ዓመት እንደተፈረደበት ወርዶፋን ብጠይቀው፣ "እንደ ጠባይህ ይታያል" ብሎኛል።