ሰዓዳ ወደ አባቷ የላከችው ሽማግሌ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አቶ ይመር የሚባል የአምቡላንስ ሹፌር አለ። ደግ ሰው ነው፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ የማወራውን ሰምታችሁ እንዳትቀየሙት። ሚስቱን ክፉ ተናግሮ አያውቅም። ለልጁ ጫማ ሲገዛ እንኳ ገበያውን ዞሮ ዞሮ ጠንካራውን መርጦ ነው የሚመጣ። ሁሉን እሱ ይመርጣል፣ ለሁሉም እሱ ይመርጣል። ደግሞ ደህና አድርጎ ነው የሚመርጠው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ክፉ መራጭ ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት አይከብድም ነበር።

ልጁ ሰዓዳ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ አሥራ አንደኛ ስታልፍ ከትምህርት ቤት አንዲት ቅጽ ይዛ መጣች። ናቹራል ወይስ ሶሻል? በዚያ የሄደ ወደ ሕክምናው፣ በዚህ የሄደ ወደ ሕጉና ወደ ጂኦግራፊው፤ የዩኒቨርሲቲው መንገድ የሚለየው እዚች ወረቀት ላይ ነው። ከታች ወላጅ ይፈርማል። ሰኞ ጠዋት ከገባች በኋላ ፍቺ የለም።

ይመር ወረቀቷን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት።

«እኔ እሞላዋለሁ» አለ። «ናቹራል ነው! ሃያ ሁለት ዓመት ለሐኪም የመኪና በር ስከፍት ኖርኩ፤ ከእንግዲህ ለልጄ ልክፈት።»

ደስታው ፊቱን ሞልቶት ነበር። እንዲህ ደስ ያለውን አባት ምን ብለው እምቢ ይሉታል?

የሷ ልብ ግን ሌላ ዘንድ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ። ስሙ ሲነሳ ዓይኗ ይበራል፤ ከሱ ጋር ከተቀመጠች ምሳ ቢጠሯት አትሰማም፤ የደብተሯ ጀርባ ሁሉ የሱ መልክ ነው፣ ወንዙ ከነገባሩ፣ ተራራው ከነገደሉ። ጂኦግራፊ ነዋ! ሌላ ማን መሰላችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት ሼህ እንድሪስ ቤት ሄደች። ሰፈሩን ሲያጋቡና ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ሼህዬ፣ ሽማግሌ እንዲልኩልኝ ነው የመጣሁ።»

«ሱብሃነላህ! ሴት ልጅ ሽማግሌ ታስልካለች? ወደ ማን?»

«ወደ አባቴ።»

ነገሩን ዘርዝራ ስትነግራቸው ሼሁ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ጢማቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡና «አብሽሪ፣ እኔው እሄዳለሁ» አሏት።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዎች ይመር ደጅ ላይ ቆሙ። ሼህ እንድሪስ ከነከዘራቸው፣ ጎረቤቱ ቄስ አየነው ከነጋቢያቸው፣ የሰዓዳ የጂኦግራፊ አስተማሪ መምህር ጥበቡ ደግሞ ከወንድሙ በተዋሰው ኮት። ይመር ገና ሲያያቸው ለምን እንደመጡ የገባው መሰለውና ደሙ ፈላ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አለ፣ ለወጉ ያህል።

«የመጣንበት ሳይሰማልን አንቀመጥም» አሉ ሼሁ። «ልጅህን ለልጃችን እንድትሰጠን ነው።»

«ኧረ በአላህ፣ ሼህ እንድሪስ! ልጄ ገና ተማሪ ናት እኮ!»

«የኛም ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ አያውቅም» አሉ ቄስ አየነው፣ መሬት መሬት እያዩ።

«ማን ይባላል?»

«ጂኦግራፊ።»

ይመር ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው። ከመጋረጃው ጀርባ ሚስቱ አሚናት ሳቋን ልታፍን ስትታገል ይሰማል። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ይዘጋባቸው ነበር። ይመር ግን ወሎዬ ነው፤ በጨዋታ ለመጣበት በጨዋታ ነው የሚመልስ። ኮስተር ብሎ እጁን አጣጠፈ።

«ቤተሰቡ እንዴት ነው?»

«የድሮ ቤት ነው» አለ መምህር ጥበቡ፤ የልጁ አባት ተደርጎ ነው የመጣው። «ሰማይም ምድርም ዘመዶቹ ናቸው።»

«ደሞዙን ነው የጠየቅሁህ።»

መምህሩ የተዋሰውን ኮት እጅጌ ሰብሰብ አደረገ።

«እኔ ያጨሁላት አለ» አለ ይመር። «ነጭ ጋውን ለባሽ፣ የተከበረ። ከሱ ጋር ከኖረች አትቸገርም።»

«እናውቀዋለን፣ ነውር የለበትም» አሉ ሼሁ። «እሷ ወዳዋለች ወይ?»

«ትለምደዋለቻ!»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቁ ቆመ።

ሼህ እንድሪስ አንድ እርምጃ ቀረቡት። «ይመር፣ የኛን ልጅ እዚህ ቤት ማን እንዳስገባው ታውቃለህ?»

«ማነው እሱ?»

«አንተ ነሃ! ከሥራ ስትገባ እግርህን እየታጠብህ የመንገድህን አታወራላትም? ጉጉፍቱ ተራራ ላይ ብርዱ መሪ አላስይዝ እንዳለህ፣ በሽሎ ሸለቆ ስትወርድ ሙቀቱ ሸሚዝ እንዳስወለቀህ። ‹ለምን?› ብላ ስትጠይቅህ መልስ አጣህ። መልሱን ፍለጋ ነው እሱ ዘንድ የሄደች።»

ይሄኔ ሰዓዳ ከጓዳ ብቅ አለች፤ አንድ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ለሼሁ ሰጥታ ሮጣ ገባች። ሼሁ ዘርግተው ለአባትየው ያዙለት። የአምቡላንሱ መንገዶች ካርታ ነው። ይመር በሃያ ሁለት ዓመት ነፍሰ ጡር ያነሳበት ቀበሌ ሁሉ በቀይ ነጥብ ምልክት ተደርጎበታል፤ ወንዝ ሲሞላ የማያሳልፈው መሻገሪያ፣ በቃሬዛ ስንት ሰዓት የሚያስኬደው አቀበት፣ መንገድ ቢሠራበት ሰው የሚተርፍበት ቦታ። ይመር በጣቱ መንገዱን እየተከተለ ወረደ። አንድ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«እዚች ጋ... እዚች ጋ አንዲት ሴት ወልዳብኛለች። ይቺን ማን ነገራት?»

«አንተ» አሉ ሼሁ።

ይመር ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። አላፈረበትም። ደስ ብሎት ነው ያለቀሰ፤ ሲያወራ የኖረውን ሁሉ አንድ ሰው አጥብቆ ሲያዳምጠው ኖሯል ለካ! ቅጿን ከኪሱ አወጣና እስክሪብቶ ፈለገ።

«ቆይ» አሉ ሼሁ። «አንተ ወደድህ፣ እሰየው። ደንቡ ግን እሷ ሳትጠየቅ አይጸናም።»

ሰዓዳ ተጠራች። ይመር ጉሮሮውን ጠረገ፤ በሕይወቱ ይሄን ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም።

«ሰዓዳ... አንቺስ ምን ትያለሽ? የትኛውን ነው የወደድሽ?»

ወጉ አንገት ደፍቶ ዝም ማለት ነበር።

«ጂኦግራፊን! እሺ ብያለሁ፣ አባ! እሺ!» ብላ ጮኸች፣ ማዶ ያሉ ሰዎች ሁሉ እስኪሰሙ።

«ኧረ ቀስ በይ፣ አስወራሽብን!» አለ ይመር፣ እየሳቀ። ቅጿን ራሷ ሞላች፣ እሱ ከታች ፈረመ። አሚናት መጋረጃውን ገልጣ እልልታዋን አቀለጠችው። ሽማግሌዎቹ አሁን ተቀመጡ፣ ብርዝ ተቀዳ፣ ቄስ አየነው ሙሽራውን መረቁ፤ መምህር ጥበቡም ኮቱን አውልቆ ተነፈሰ።

ይመር ግን ልጁን እያየ ነበር። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ከእሺዋ በኋላ መቀመጥ አቅቷታል፤ ከቤት ደጅ ትላለች፣ ትስቃለች፣ ወረቀቷን ደጋግማ ታያለች። እንዲህ አይቷት አያውቅም። ሚስቱ ልትቀዳለት ጎንበስ ስትል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«አሚናት፣ እኔ ሽማግሌ ያስላክሁ ጊዜ አንቺን ጠይቀውሽ ነበር?»

«ማን ይጠይቀኛል? ዝም ስል ወዳለች አሉ፣ ተጨበጨበ።»

«ቢጠይቁሽስ ኖሮ ምን ትይ ነበር?»

አልቸኮለችም። ብርሌውን ሞላች፣ በጣቷ አፉን ጠረገች፣ ሰጠችው። ይመር ሳይጠጣ ይዞት ጠበቀ።

«እሺ ነበራ የምል» አለችው፣ ፈገግ ብላ። «እሺ ማለት ግን አምሮኝ ቀረ።»