የአቶ ላሊሞ ንጹሕ ራጅ

እኛ ሕመምተኛ ስንጠይቅ ዝም ብለን አንጠይቅም፤ እንፈትናለን። ብርቱካናችንን አስቀምጠን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን «አወቅኸኝ? እስቲ ማን ነኝ?» እንላለን። ካወቀን ዳነ። ካላወቀን ጮክ ብለን እንደግምለታለን፣ የታመመው ጆሮው ይመስል። እናንተም ታደርጉታላችሁ፤ አትካዱ።

ነገርን ነገር ያነሣዋል። በደርግ ጊዜ አዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ አቶ ላሊሞ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበሩኝ። የግማሹ ሰፈር ካኪ በእርሳቸው እጅ የተሰፋ ነው። አንድ ክረምት ከባድ ትኩሳት ጣላቸው። ሐኪሙ «ቫይረስ ነው፤ አንጎላቸውን ነክቶታል» አለ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ሰው መለየት ግን አቃታቸው። ሚስታቸው አማረች፣ አብሮ አደጌ ናት፣ አዲስ አበባ ድረስ ወስዳ ጭንቅላታቸውን ራጅ አስነሣቻቸው።

«ራጁ ንጹሕ ነው» አላት የአዲስ አበባው ሐኪም። «ግን የሚያሳየው አጥንቱን ነው። የተጎዳው ውስጡ ነው፤ መድኃኒቱም ዕረፍት ነው። ሰው አይብዛባቸው፣ አታስጨንቋቸው። ቀስ በቀስ ይመለስላቸው ይሆናል።»

ሰፈራችን ከዚህ ሁሉ የሰማው «ንጹሕ ነው» የምትለዋን ብቻ ነው። የራጁ ፊልም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም ወደ መስኮት ዘርግቶ አየና ሐኪም ሆነ። አማረች በሯን እንዳትዘጋ ይሉኝታ ያዛት፤ ጠያቂ መለሰች ከመባል ሞት ይሻላል። ደግሞስ ከቀበሌ ስብሰባ ለመቅረት «ሕመምተኛ ልጠይቅ» ከማለት የተሻለ ምን ሰበብ ነበር? ስብሰባው በበዛ ቁጥር ፈተናውም በዛ።

አቶ ላሊሞ መጀመሪያ ላብ እስኪያጠምቃቸው ለማስታወስ ይታገሉ ነበር። ኋላ ደከማቸው መሰለኝ፣ መላ አገኙ። ለመጣው ሁሉ ፈገግ ብለው «አወቅሁህ እንጂ! ስለ ጠየቅኸኝ ተባረክ። ለቤተሰብ ሰላም በልልኝ» ማለት ጀመሩ። ሰፈሩ ተደሰተ። ዳኑ ተባለ፤ ብርቱካኑም ቀረ።

ጠያቂ የጠፋ ዕለት አማረች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እስከዚያ ድረስ እሷ አንድም ቀን ፈትናቸው አታውቅም።

«እኔስ ማን ነኝ?» አለች እየሳቀች።

ፈገግ አሉላት። «አወቅሁሽ እንጂ! ስለ ጠየቅሽኝ ተባረኪ። ለባልሽ ሰላም በይልኝ።»

ያን ጊዜ በሩ ተዘጋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄው ነው። ዕረፍቱ ቀድሞ ቢሰጣቸው ኖሮ ይድኑ ነበር ወይ? እኔ እንጃ፤ ሳልቆጭ የቀረሁበት ቀን ግን የለም። እስኪሞቱ ድረስ አማረችን እንደ ደግ እንግዳ ሲመርቋት ኖሩ።

ፊልሙ ዛሬም ንጹሕ ነው። ሰላምታው ግን ለባለቤቱ ሳይደርስ ቀረ።