የክላርኔቱ ስንጣሪ እንደ ተሻረችና ወደ ክብሯ እንደ ተመለሰች

አብዮቱ በፈነዳ በአራተኛው ዓመት፣ ዘመነ ማርቆስ አልፎ ዘመነ ሉቃስ ሊገባ ጳጉሜን ብቻ ሲቀር፣ ጓድ ወርቅአፈራሁ የቀበሌውን ክላርኔት በተረከቡ በሁለተኛው ዓመተ መንግሥታቸው፣ ከአፍንጮ በር እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ያልሞገቱት ሰው፣ ያልተቆጡበት በረንዳ የሌላቸው እኒህ ጎምቱ መምህር የፈጸሙት ገድል ይህ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በኪነት ቡድኑ የልምምድ አዳራሽ ነው። የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊውና ዋሽንት ነፊው ገብረዮሐንስ፣ የጓድ ወርቅአፈራሁ የጥንት ባላጋራ፣ «ክላርኔት አፉ ላይ ስስ የሸምበቆ ስንጣሪ ካልታሰረችለት የማይናገር ጌታ ነው፣ የእኔ ዋሽንት ግን ሎሌ አያሻውም» ብሎ በሰው ፊት ቢመጻደቅ፣ የጀግናው ደም ፈላ፤ ወንበር ላይ ወጥተውም አዋጅ አስነገሩ።

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ድምፅ ከትንፋሽና ከቧንቧ ይወለዳል። ዋሽንት ያለ ስንጣሪ ከዘፈነ ክላርኔት የማይዘፍንበት ምክንያት የለም። ይህች ስንጣሪ በሰፊው ትንፋሽና በቧንቧው መካከል የገባች ደላላ ናት። ከዛሬ ጀምሮ ሽሬያታለሁ።»

ይህንም ብለው ስንጣሪዋን ከማሰሪያዋ ፈትተው፣ ወለል ላይ ጥለው በጫማቸው ረገጧት፤ ለቀበሌው የቀረችውም እርሷ ብቻ ነበረች። ከዚያም ክላርኔቱን ወደ አፋቸው ወስደው ነፉ፤ ነፋስ ወጣ። ደግመው ነፉ፤ ጉንጫቸው አበጠ፣ ዓይናቸው ደም ለበሰ፤ የወጣው ግን ከሰል ለማቀጣጠል የሚበቃ ነፋስ ብቻ ሆነ።

የቡድኑ ሊቀመንበር ጓድ ምብራትም ድምፃቸውን ሳያነሡ አወጁ፦ «ጋሼ፣ የአብዮት በዓል ሰልፍ መስከረም ሁለት ነው። እስከዚያ ክላርኔቱ ካልተናገረ ከበሮ ተሸካሚው ዓምደሚካኤል ይረከበዋል፤ እርስዎም የእሱን ከበሮ ይሸከማሉ። እሱ ቢያንስ ዕቃ አይረግጥም።»

ወእምዝ ጀግናው የሚወዱትን ክላርኔት በብብታቸው ይዘው ወደ ዶሮ ማነቂያ፣ ወደ ገብረዮሐንስ ቤት ዘመቱ። በኋላቸውም ዘፋኟ አልጋነሽ፣ ክላርኔቱን ለመውረስ የታጨው ዓምደሚካኤልና ከመንገድ የተቀላቀለች አንዲት ውሻ ተከተሉ፤ የተከተሉትም ለፍቅር ሳይሆን መጨረሻውን ለማየት ነበር።

ገብረዮሐንስ በራፉ ላይ ተቀምጦ ዋሽንቱን ሲነፋ አገኙት። ጀግናውም ሊሰድቡት አፋቸውን ከፍተው ሳለ ዓይናቸው ከከንፈሩ ላይ ቀረ። ትንፋሹ የዋሽንቱን ጠርዝ ሲመታ ይሰነጠቅና አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ይወዛወዛል፤ በቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር የሚያንቀጠቅጠው ይኸው ውዝዋዜ ነው። ክላርኔት ግን እንዲህ ያለ ጠርዝ የለውም፤ ትንፋሹን እየከፈተች እየዘጋች የምታርገበግበው ያች የረገጧት ስንጣሪ ነበረች። ጀግናው ይህን ተረዱ፤ ለማንም ግን አልተናገሩም። ጆሯቸው ብቻ ቀላ።

ገብረዮሐንስም የጆሯቸውን መቅላት አይቶ በተራው አወጀ፦ «የተሰነጠቀ አሮጌ ዋሽንት አለኝ፤ ከእሱ ስንጣሪ ይውጣ። ነገር ግን ጋሼ፣ የሻሯት ወንበር ላይ ቆመው ነው፤ የሚመልሷትም እዚያው ወንበር ላይ ቆመው ይሁን።»

ጓድ ወርቅአፈራሁ በምላጭ ሸምበቆ ሲፍቁ ዋሉ። አንዷ ወፍራ እንደ ዲዳ ቀረች፤ አንዷ ከመጠን በላይ ሳስታ እንደ ታነቀች ዶሮ ብትጮኽ፣ የሰፈሩ እመቤቶች ዶሯቸውን ሊቈጥሩ ወጡ። በመጨረሻ የተፋቀችው ግን በደንብ ተናገረች፤ ውሻይቱም ተነሥታ ጅራቷን ቆላች።

በማግሥቱ ጀግናው ወንበሩ ላይ ወጡ። ሕዝቡም ይቅርታ ይጠይቃሉ ብሎ ሲጠባበቅ እንዲህ አወጁ፦ «ስንጣሪዋን መርምረናል። ግለ ሂስ አቅርባለች፤ ጥፋቷንም አምናለች። ስለዚህ ምሕረት አድርገን ወደ ሥራዋ መልሰናታል።»

ገብረዮሐንስ እስኪያነባ ሳቀ፤ ጓድ ምብራትም ክላርኔቱን ተዉላቸው።

መስከረም ሁለትም በፒያሳ ሲያልፉ፣ እነሆ ጓድ ወርቅአፈራሁ፣ ሙግት የማይደክማቸው፣ ቁጣ የማያልቅባቸው፣ ያልበደለቻቸውን ይቅር ያሉ ርኅሩኅ፣ በጫማቸው የረገጧትን ስንጣሪ በከንፈራቸው ተሸክመው በኩራት ነፉ።