ግማሽ ጅብ

ትናንት በቀትር እንቅልፍ ጣላትና አትጠገብ የማይታለም አለመች።

አትጠገብ ጎንደር ውስጥ የአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ አዘጋጅ ናት። ያን ዕለት የምታቀርበው ዝግጅት፣ በኢንተርኔት ስለ አይሁድ ከሚጻፈው ውስጥ የትኛው እውነት፣ የትኛው ጥላቻ እንደሆነ አድማጭ እንዴት ይለየዋል የሚል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስታነብ ከርማ ያነበበችው አንገሽግሿታል። ሁለት እንግዶች ይጠበቃሉ። አንዷ እሷ የጠራቻቸው ቤተ እስራኤላዊት ሸክላ ሠሪ እትዬ አዝመራ ናቸው። ሌላው፣ አለቃዋ አቶ ደምመላሽ "ሚዛናዊ እንሁን እንጂ" ብለው የጋበዙት በኢንተርኔት ተከታዩ የበዛ ተመራማሪ ነው። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ እንዳደረገች እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

በሕልሟ ፍርድ ቤት ደጃፍ ቆማለች። ወሬዎች በበቅሎ ተቀምጠው፣ ጥላ አስይዘው ሲመጡ ዘበኛው እጅ ነስቶ ያስገባል። ሰዎቹን ግን እያስቆመ ይመረምራል።

"አንቺን ማን አወራሽ?" አላት።

"ማንም። ተወልጄ ነው።"

"ምንጭ የላትም" ብሎ አጉረመረመና በመስኮት እንድትገባ ፈቀደላት።

ውስጥ የተከሰሱት እትዬ አዝመራ ነበሩ። ቡዳ ናት፣ ሌሊት ሌሊት ጅብ ትሆናለች ተብለው።

"ኧረ ልጆቼ፣ እኔ ሌሊት ጉልበቴ አላስተኛ እያለኝ ከአልጋዬም አልወርድ" አሉ።

"ስለ ራሷ ስትናገር ታዳላለች። አይመዘገብ" አሉ ዳኛው።

ጅብ ተጠራ። ጋቢውን አጣፍቶ ገባና ለጥ ብሎ እጅ ነሳ። "እኛ የሌሊቶቹ እንተዋወቃለን። እኚህን እናት ግን አላውቃቸውም። የእኛ ቢሆኑ አንድ ድግስ ላይ አላጣቸውም ነበር።"

አዳራሹ ተናወጠ። "ወገንተኛ! ጅብ ስለ ጅብ ይመሰክራል እንዴ?" ጅቡ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በእሱ ፋንታ የቀረበው ጎንደርን ረግጦ የማያውቅ፣ ጅብም አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። "ሩቅ ነውና አያዳላም" ተባለለት። ሰውዬው የሌላ ሰው ቃል አነበበ። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ጥግ ላይ ቆሞ ከእሱ የሰማውን እያነበበ ነው። ዳኛው "ሁለት ምስክር!" ብለው ፊታቸው በራ። ታዳሚው "ወደድነው!" እያለ አውራ ጣቱን እየነቀለ ዳኛው ፊት በቆመው ሚዛን ላይ ይጥል ጀመር። ሚዛኑ ወርዶ ወለሉን ነካ።

"ጌታዬ፣ አየሁ ያለ እኮ አንድም ሰው የለም!" ብላ አትጠገብ ጮኸች።

"እሱስ እውነትሽን ነው" አሉ ዳኛው፣ ለስለስ ብለው። "ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ሰምተናል። ለሚዛናዊነት ሲባል፣ ግማሽ ጅብ ናት ብለናል።"

ሰዉ በቀረው ጣቱ አጨበጨበ። ዳኛው ለአትጠገብ ጠመኔ አቀበሏት።

"አንቺ መሃል ሰፋሪ ነሽ። ሴትዮዋ የምታልቅበትን፣ ጅቡ የሚጀምርበትን አስምሪልን።"

እትዬ አዝመራ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አደረጉ። "ቶሎ በይ ልጄ፣ ይበርደኛል" አሉ።

አትጠገብ እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። እጇ ግን ታዘዘ። ጠመኔው የአሮጊቷን ቆዳ ሲነካ...

"አትጠገብ! ኧረ ተነሺ፣ ሰዓት ደረሰ!" አቶ ደምመላሽ ትከሻዋን ይወዘውዛሉ።

ቀና አለች። "እትዬ አዝመራ መጡ?"

"መጥተው ነበር፤ ሸኘናቸው።" ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "እንግዳው፣ እሳቸው ካሉ እኔ አልገባም አለ። ምን ላድርግ? ሳምንቱን ሙሉ ስሙን ስናስተዋውቅ ከርመን! ይልቅ ግቢ፣ ተቀምጦ ይጠብቅሻል።"

ስትገባ ተመራማሪው ከረባቱን አስሮ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ማይኩን ወደ አፉ እያስተካከለ ነበር። እሷም ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አጠለቀች። ቀዩ መብራት ሊበራ ጥቂት ሲቀረው ጠጋ አለና በሹክሹክታ ጠየቃት።

"ሴትዮዋ በእርግጥ ከግቢው ወጥታለች?"

"ወጥተዋል። ምነው?"

"በረንዳው ላይ ምሳዬን ስበላ አይታኛለች።"

መብራቱ በራ።