በኲኞን የወንበር ፋብሪካ የቀትር እንቅልፍ ሕግ እንደ ተደነገገ

አሮጌው ማራገቢያ ባረፈ በሦስተኛው ዓመት፣ አዲሱ መጋዝ በነገሠ በአራተኛው ወር፣ በዕለተ ረቡዕ፣ የኲኞን ከተማ ወንበር ፋብሪካ ጸሐፊተ ትእዛዝ፣ መፍቀሪተ ነጥብ፣ ጸላኢተ «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ ወይዘሮ ሉዋ፣ ብዕራቸውን ታጥቀው ለዘመቻ ተነሡ።

ምክንያቱም ይህ ነው። የቀድሞው ደንብ «ሠራተኛ አግባብ ባልሆነ ጊዜ አይተኛ» ይላል እንጂ አግባቡ የቱ እንደ ሆነ አይናገርምና፣ ቀትር በሆነ ጊዜ ሕዝቡ እንደ አባቶቹ ልማድ ይተኛ ነበር፤ ከጠራቢዎች አርባው ምንጣፍ ዘርግተው፣ ከቀለም ቀቢዎች አሥራ ስምንቱ ክንዳቸውን ተንተርሰው፣ ከሒሳብ ክፍል ሦስቱ ጠረጴዛ ሥር ገብተው። ማክሰኞ ግን ሥራ አስኪያጁ አቶ ቶዋን፣ የራሳቸውን ምንጣፍ በብብታቸው ይዘው ሲያልፉ፣ ለጡረታ አራት ወር የቀራቸውን ዘበኛ፣ ሽማግሌውን ኪየምን፣ በር ላይ ሲያንኮራፉ አገኟቸውና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ሁሉም ይተኛ፤ በር ግን አይተኛም። ነገ ሰባት ሰዓት ላይ የስንብት ደብዳቤዎን ይውሰዱ።»

ሽማግሌውም ወደ ወይዘሮ ሉዋ መጥተው፣ «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት እዚሁ በር ላይ ተኝቻለሁ። ክልክል ነው ያለኝ ሰው የለም» አሏቸው። ይህም አንጀታቸውን በላቸው። ባልተጻፈ ሕግ ሰው አይባረርም ብለው ሥራ አስኪያጁን ቢሞግቱ፣ አቶ ቶዋን፣ «በይ እሺ፣ እስከ ነገ ሰባት ሰዓት ጻፊያ! ግን ሲነበብ አንድ ሰው ‹ምን ማለት ነው?› ካለ፣ ሰውዬው ይሄዳሉ» ሲሉ ቃል ሰጡ።

ወእምዝ፣ በረቡዕ ቀትር ሌላው ሁሉ ሲተኛ ወይዘሮ ሉዋ ብቻቸውን ነቅተው፣ «በተቻለ መጠን»ን በአንድ ጭረት፣ «አግባብ ያለው»ን በሁለት ጭረት ገደሉ፤ «ወዘተ»ም እግሬ አውጪኝ አለ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሕዝቡ ተሰብስቦ አዋጁ ተነበበ፦ «ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት የፈለገ ይተኛ። ዘበኛው ከሰባት እስከ ስምንት ይተኛል፤ እስኪነቃ በሩን የፋብሪካው ሾፌር ይጠብቃል። ከዚህ ውጭ ያንቀላፋ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ከዛሬ በፊት የተኛ ምሕረት ተደርጎለታል።» ምን ማለት ነው ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። አቶ ቶዋን ፈረሙ፤ የስንብቱንም ደብዳቤ ቀደዱ። ሽማግሌው ዕንባቸውን ጠርገው፣ ሰዓታቸው ነበርና ሄደው ተኙ።

በሰባት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ግን፣ አቶ ቶዋን ስለ ንቃት ንግግር ሲያደርጉ፣ ቀትሩን ዐይናቸውን ያልከደኑት ጸሐፊተ ትእዛዝ በተቀመጡበት እንቅልፍ ጣላቸው። ሕዝቡም ደነገጠ። አቶ ቶዋን ሕጉን አንሥተው ቀዳዳ ፈለጉላቸው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበቡት፤ አጡ።

«ምናለ ትንሽ እንኳ ብታድበሰብሽው ኖሮ» አሉ።

ወይዘሮ ሉዋም ነቅተው ማስጠንቀቂያውን ራሳቸው ጻፉ፣ ራሳቸው ማኅተም መቱበት፣ ራሳቸው ፈርመው ተቀበሉ። ሕግ አውጥተው ሌላውን ያሰሩ ብዙዎች ናቸው፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በገዛ ሕጋቸው የተያዙ፣ ያውም ማንም ትርጉም ሳይጠይቅ፣ እርሳቸው ብቻ ናቸው። ለብዕራቸው ክብር፣ ለዐይናቸው ዕረፍት ይሁን።